ከማሳ እስከ ደጃፍ፤ የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክና የትኩስ አትክልት ንጽሕና

የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የሀገራችን የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኖ በይፋ ሥራ በጀመረ ጊዜ፣ ከባለሥልጣናቱም ከነጋዴዎቹም አንደበት ጎልቶ የተሰማው ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ቀረጡ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ጂቡቲ ወደብ ነበር። ነገሩም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተብላ የተጠራች፣ ከልደቷ ጀምሮ ዕጣዋ ከሚወጣና ከሚገባ ጭነት ጋር የተሳሰረ ከተማ ናትና። ይሁን እንጂ በከተማዪቱ በር በየዕለቱ የሚያልፍ፣ ስለ ቀጠናው በሚደረገው ውይይት ውስጥ ግን እንደሚገባው ስሙ ያልተነሣ አንድ ጭነት አለ፤ እርሱም ከደጋው የሚወርደው ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣና ቃሪያ ነው።

አንድ ቤተሰብ የሚመገበው ትኩስ አትክልት ንጹሕ መሆኑ ወይም በሽታ ተሸክሞ መምጣቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ወደ ማጀት ከመግባቱ በፊት፣ ከማሳ እስከ ደጃፍ ባለው መንገድ ላይ ነው። ይህን መንገድ ለማቅናት የሚያስፈልገው ውሃና መብራት፣ ጥላና ቅዝቃዜ፣ መዝገብና ተቆጣጣሪ በአንድነት ሊገኝበት የሚችለው ስፍራ ደግሞ ዛሬ በድሬዳዋ አጠገብ ተሠርቶ ቆሟል፤ ስለዚህ ያ ስፍራ ለባሕር ማዶ ገዢ የሚሰጠውን አገልግሎት በከተማዪቱ ገበያ በቀፊራ ለሚገዛው ሸማችም እንዲሰጥ ማድረግ የሚቻልም የሚገባም ነው እላለሁ።

መንገዱን ከመነሻው እንመልከተው። ለድሬዳዋ ገበያ አትክልት የሚቀርበው በይበልጥ ከምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ፣ ከሐረማያ፣ ከኮምቦልቻና ከቀርሳ አካባቢ ነው። የሐረማያ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍ ሲል፣ ድሬዳዋ የተቀመጠችው በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ 1,000 ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራልና፣ በማለዳ ጤዛ የተቆረጠ ሰላጣ የደንገጎን ቁልቁለት ጨርሶ ከተማዪቱ ሲገባ ከደጋ አየር ወደ በረሃ ወበቅ ተሻግሯል ማለት ነው። ከዚያም ከፊሉ በቀፊራ ይራገፋል፤ ከፊሉ ግን ወደ ጂቡቲና ወደ ሶማሌ ከተሞች ጉዞውን ይቀጥላል። የሚታረስ መሬትና የሚጠጣ ውሃ እጅግ የጎደላት ጂቡቲ በገበታዋ ላይ ለሚቀርበው አትክልትና ፍራፍሬ በእጅጉ የኢትዮጵያን ማሳ ትጠብቃለች፤ ስለዚህ የሐረርጌ ገበሬ እጅ የሁለት ሀገር ሕዝብ ገበታ ላይ ይደርሳል።

አሁን አንዲቱን የቲማቲም ሳጥን ተከትለን እንውረድ። ሳጥኑ ባልተላገ ጣውላ የተመታ ነው፤ ጠርዙ ስንጥር የበዛበት፣ የሚስማሩም ጫፍ እዚህም እዚያም ወደ ውስጥ ብቅ ያለ ነው። ዋጋ የሚቆረጠው በሳጥን በመሆኑ ነጋዴው እስኪከመር ድረስ ያስሞላዋል፤ ከዚያም በአይሱዙው ላይ ሳጥን በሳጥን ላይ ይደረደርና የላይኛው ክብደት በታችኛው ላይ ያርፋል፤ የጠመዝማዛው መንገድ ንቅናቄም የቀረውን ይፈጽማል። ቀፊራ ሲደርስ የሳጥኑ ግርጌ እርጥብ ነው፤ ከተሰነጠቀው ፍሬ የፈሰሰ ጭማቂ ጣውላው ውስጥ ሰርጎ ገብቷል፤ ያው ሳጥን ሳይታጠብ ነገ ተመልሶ ወደ ማሳ ይወጣል። ጉልት ላይ የተቀመጠችው ሴት ሸራዋን አንጥፋ የተጎዳውን ከደኅናው ትለያለች፤ አቧራው እንዲለቅ ቲማቲሙን በበርሜል ውሃ ትነክረዋለች፤ ሰላጣውም እንዳይጠወልግባት እጇን ከዚያው ውሃ እያጠቀሰች ትረጨዋለች። በዚህ ሥራዋ ውስጥ ስንፍናም ክፋትም የለም። ድሬዳዋ ከጉድጓድ ውሃ በስተቀር ሌላ የውሃ ምንጭ ያልታደለች ከተማ ናት፤ ውሃውን በጀሪካን የገዛችው ሴት ቶሎ ቶሎ ልትለውጠው አትችልም፤ ገዢውም የማያብረቀርቀውን ቲማቲም አይገዛትም።

ነገር ግን በዚያ በርሜል ውስጥ ዐይን የማያየው ሥራ ይሠራል። ቲማቲም በፀሐይ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ ከእርሱ ይልቅ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ያው አየር ይኮማተርና፣ ፍሬው ከግንዱ በተቀነጠሰበት ጠባሳ በኩል ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ በውሃው ውስጥ ሳልሞኔላ ወይም ኢ. ኮላይ የተባሉት ረቂቃን ተሕዋስያን ካሉ አብረው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የቤት እመቤቷ በኮምጣጤም ሆነ በሎሚ ብታጥበው የምታጸዳው ቆዳውን ነው እንጂ ሥጋውን አይደለም። በሠለጠነ የማጠቢያ ስፍራ ውሃው ከፍሬው በ5 ዲግሪ ያህል ሞቅ ያለ እንዲሆንና በመጠኑም ክሎሪን እንዲጨመርበት የሚደረገው ስለዚህ ነው። የእነዚህ ተሕዋስያን ርቢም በሚስማማቸው ሙቀት በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናልና፣ አንዲት ሕዋስ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ልትሆን ትችላለች፤ 7 ሰዓት ደግሞ በቀፊራ የአንድ ቀን ገበያ ዕድሜ ነው።

አብስለን የምንበላውን እሳት ያነጻልናል፤ የሚያሠጋው ጥሬውን የምንበላው ነው። ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ የቲማቲም ፍትፍቱንና ሰላጣውን ያዘወትራል፤ ሙስሊሙ በረመዳን ማፍጠሪያው ላይ ፍራፍሬና ጭማቂ ያቀርባል፤ ሁለቱም ነፍሳቸውን ለማንጻት በሚተጉበት ወራት ሥጋቸውን ለተስቦ፣ ለአሜባና ለወስፋት የሚያጋልጥ ገበታ ሊቀርብላቸው አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፣ በመላው ዓለም በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች በተበከለ ምግብ ይታመማሉ፣ 420,000 የሚሆኑትም ይሞታሉ፤ ከሚሞቱትም ሲሶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው፤ ከክፍለ ዓለማትም ሁሉ መከራው የከበደው በአፍሪካ ላይ ነው። በሀገራችን በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ በባሌ የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ብዙ አካባቢዎች ተዛምቶ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየቱም፣ ውሃችንና ምግባችን ምን ያህል እንደተቆራኙ ለሚያስተውል ሰው በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር።

በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ሕመም ብቻ አይደለም። መሐመድ ካሶና አፈወርቅ በቀለ የተባሉ ተመራማሪዎች በድሬዳዋ አካባቢ ባካሄዱት ጥናት፣ ከገበያ እስከ ተመጋቢ ባለው መንገድ የሚጠፋው የጓሮ አትክልትና ፍራፍሬ ከ20 እስከ 50 በመቶ እንደሚደርስ፣ ከሁሉም የሚብሰውም የቲማቲም እንደሆነና እርሱም ወደ 45 በመቶ እንደሚጠጋ፣ ማንጎም እንደሚከተለው አመልክተዋል። ይህን ቁጥር ስለ ሕመም ከተጠቀሰው ጋር አስተያይቶ ማየት ያስፈልጋል። ፍሬውን የሚያበሰብሰውና ሰውን የሚያሳምመው መንሥኤ በአብዛኛው አንድ ነው፤ የቆሰለ ቆዳ፣ የበዛ ሙቀት፣ የቆሸሸ ሳጥን፣ ያረጀ ውሃ። ስለዚህ ለጤና ሲባል የሚወጣው ገንዘብ ለገበሬውና ለነጋዴው የሚድንላቸው ሀብት ነው፤ በአንድ ወጪ ሁለት ትርፍ ይገኝበታል። የሐረማያ ሐይቅ በደለልና ለመስኖ በሚሳብ ውሃ ብዛት ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር፣ የሐረርም ከተማ ትጠጣው የነበረውን ውሃ በዚያ ምክንያት እንዳጣች የሚያስታውስ ሰው፣ ያን ያህል ውድ በሆነ ውሃ የበቀለ ቲማቲም ግማሽ ያህሉ በመንገድ ሲበሰብስ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ የድህነት ውጤት ነው፣ ድህነት ሳይወገድ አይቃናም ይላሉ። ለዚህ አነጋገር መልስ የሚሰጠው ራሱ የሐረርጌ ጫት ነው። በአወዳይ ሌሊቱን የተሰበሰበው ጫት በቅጠል ተጠቅልሎ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ፣ በፈጣን መኪና ተጭኖ በዚያው ቀን ጂቡቲ ይደርሳል፤ በቀድሞው ዘመንም ከድሬዳዋ በአውሮፕላን እየተጫነ ወደ ዓደን ይሄድ ነበር። ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ቀን ዋጋውን የማይጠብቅ ቅጠል በሰዓቱ እንዲደርስ ለማድረግ የኛው ሰዎች፣ በኛው መንገድ፣ ያለ ማንም መሐንዲስ ሥርዓት አበጅተዋል። ችሎታውስ አለን፤ የጎደለው ለቲማቲሙና ለሰላጣው እንዲህ ያለ ብርቱ ምክንያት ነው። የጫቱ ባለቤት ያረጀበትን ጭነት ገዢው ዐይቶ ይጥልበታል፤ የተበከለ ሰላጣ ግን በዐይን አይታወቅም፤ ገዢው ሊለየው ስለማይችል ለንጽሕና ተጨማሪ ዋጋ አይከፍልም፤ ሻጩም ያልተከፈለበትን ድካም አይደክምም። ገበያ ብቻውን ሊያቃናው የማይችለው ጉድለት ይህ ነውና ሕግ ጣልቃ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው። የጫቱ ሥርዓት ፍጥነትን ቢያስተምረንም ንጽሕናን አያስተምረንም፤ በጫት ማሳዎች ላይ የተከለከለ ዲዲቲ ሳይቀር እንደሚረጭ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሀገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አላት፤ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ም ከዚያ በፊት ወጥቷል። የሕግ እጥረት አለብን ለማለት አይቻልም። ችግሩ የሥልጣኑ መከፋፈል ነው፤ በማሳው ላይ የሚረጨውን መድኃኒትና ወደ ውጭ የሚላከውን የእፅዋት ጤና የሚመለከተው የግብርና ባለሥልጣን ነው፤ የተቀነባበረውን ምግብ የሚመለከተው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃዱንና ሚዛኑን የንግድ ቢሮ፣ የመመገቢያ ቤቱን ንጽሕና የጤና ቢሮ፣ የገበያውን ቆሻሻ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ይከታተላል። ከማሳው ወጥቶ ገበታ ላይ ያልደረሰው ትኩስ አትክልት በእነዚህ ሁሉ መካከል ያልፋል፤ የሁሉም ሲሆን የማንም ሳይሆን ይቀራል። አይሱዙው ላይ ያለው ሳጥን ንጹሕ መሆኑን የሚጠይቅ ማን እንደሆነ ነጋዴው ቢጠየቅ ሊመልስ አይችልም፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም።

የመዝገብ አለመኖር ምን እንደሚያስከትል ከሩቅ ሀገር ታሪክ እንማር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 በጀርመን የተነሣ ብርቱ የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎችን አሳምሞ ከ50 በላይ ገድሏል። በመጀመሪያ የተከሰሰው የስፔን ዱባ መሰል ኪያር ነበር፤ የስፔን ገበሬዎች ምርታቸው ሁሉ ተጥሎ ብዙ ሚሊዮን ዩሮ ከሰሩ። በኋላ ግን ከሕመምተኞቹ ገበታ ተነሥተው በመዝገብ ወደ ኋላ ሲከታተሉ፣ ምክንያቱ ከግብፅ የመጣ የአብሽ ዘር ባበቀለው ቡቃያ ላይ ተገኘ። ጀርመን ያን ያህል ሰው ብታጣም መንሥኤውን ለማግኘት የቻለችው እያንዳንዱ ከረጢት ከማን ወጥቶ ለማን እንደተሸጠ የሚናገር ወረቀት ስለነበረ ነው። በቀፊራ አንድ ቤተሰብ በሰላጣ ቢታመም ሰላጣው ከማን ማሳ እንደመጣ የሚነግረን የለም፤ ስለዚህ ጥፋተኛው አይታረምም፣ ያላጠፋውም ገበሬ ከጥርጣሬ አይድንም።

እንግዲህ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እንመለስ። ሕንፃዎቹ፣ የኤሌክትሪክ መሥመሩ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና ጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ደረቅ ወደቡና የጉምሩክ ጽሕፈት ቤቱ በአንድ አካባቢ ተሰባስበዋል፤ የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016 ደግሞ ለእንዲህ ያሉ ስፍራዎች ሰፋ ያለ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል። በዚህ ስፍራ አንድ የአትክልት መቀበያና ማዘጋጃ ጣቢያ ቢቋቋም፣ ሥራው ብዙም የተወሳሰበ አይደለም። ከደጋው የመጣው ጭነት በጥላ ሥር ይራገፋል፤ የተጎዳው ይለያል፤ የቀረው ሙቀቱ ተመጥኖ ክሎሪን በተጨመረበት፣ በየሰዓቱ በሚመረመርና በሚለወጥ ውሃ ይታጠባል፤ በሚታጠብ የፕላስቲክ ሳጥን ይገባል፤ ሳጥኑም የመጣበትን ቀበሌና የተለቀመበትን ቀን የሚናገር ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ከዚያም በቀዝቃዛ ክፍል አድሮ ከፊሉ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ወደ ጂቡቲ፣ ከፊሉ በሌሊት መኪና ወደ ቀፊራና ታይዋን ወደሚባለው የከተማዪቱ ገበያ ይሄዳል። የአንድ ተቆጣጣሪ ዐይን በአንድ በር ላይ ቆሞ ዛሬ በመቶ ጉልት ላይ ተበታትኖ የቀረውን ሥራ ይሠራል። የግብርና ባለሥልጣኑ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑና የከተማው ጤና ቢሮም በዚያች በር ላይ አብረው ለመቀመጥ ይገደዳሉ።

ለዚህ ሐሳብ ሦስት መቃወሚያ ሊቀርብ እንደሚችል አውቃለሁ። የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ለውጭ ንግድ የተመሠረተ ነው፣ ለከተማው ሸማች አይደለም የሚል ነው። ነገር ግን ወደ ውጭ የሚላከውም በሀገር ውስጥ የሚሸጠውም የሚመጣው ከአንድ ማሳ፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ መንገድ ነው፤ ጣቢያውን ከአጥሩ ውጭ፣ ከጎኑ አድርጎ ማቋቋም፣ ወደ ቀጠናው የሚገባውን ብቻ በጉምሩክ ማሳለፍ ይቻላል። ለጂቡቲ ገዢ ብቻ የሚያጥብ ጣቢያ ደግሞ ሁልጊዜ ሥራ አያገኝም፤ የከተማው ገበያ ሲታከልበት ግን ሳይቋረጥ ይሠራል። ሁለተኛው ዋጋ ይወደዳል፣ ድሃው ይጎዳል የሚል ነው። ይህ ክብደት ያለው መቃወሚያ ነው፤ መልሱ ግን በዚያው በጠፋው 45 በመቶ ውስጥ አለ። ዛሬ ሸማቹ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ሲከፍል በመንገድ የበሰበሰውንም እየከፈለ ነው፤ ጥፋቱ በግማሽ ቢቀንስ ለማጠቢያውና ለማቀዝቀዣው የሚወጣው ወጪ ብዙ ክፍል ከዚያ ይሸፈናል፤ ለሐኪም ቤትና ለመድኃኒት የሚወጣውም ሲታሰብ ሚዛኑ ወደ ንጽሕናው ያጋድላል። ሦስተኛው የጉልት ሴቶች እንጀራቸውን ያጣሉ የሚለው ነው። ይህ እንዳይሆን ሕጉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ጣቢያው ቸርቻሪ ሳይሆን አቅራቢ ይሁን፤ የታጠበውን በሳጥን ለእነርሱ ይስጥ፤ እነርሱም በርሜሉንና የጀሪካን ወጪውን ትተው በጥላ ሥር ይሽጡ።

ትልቁ ጣቢያ እስኪቆም ድረስም ዛሬውኑ የሚደረግ ነገር አለ። ነጋዴው ያልተላገውን ሳጥን ትቶ በሚታጠብ ሳጥን ይጫን፤ ሳጥኑም እንዳይከመር ዋጋው በሚዛን ይቆረጥ። ገበሬው የመጨረሻውን ፀረ ተባይ ከረጨ በኋላ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ቀን ሳይጠብቅ እንዳይለቅም የግብርና ባለሙያው በየማሳው ይንገረው፤ ይህን ለማስተማር በአቅራቢያው ያለው፣ በ1940ዎቹ የተመሠረተው የቀድሞው ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዕውቀቱም ልምዱም አለው። ጭነቱ ቀን ሳይሆን ሌሊት ይውረድ። በቀፊራ መካከል ማዘጋጃ ቤቱ የማይቋረጥ የቧንቧ ውሃና መጸዳጃ ያኑር፤ እጇን የምትታጠብበት ያላገኘችን ሴት ስለ ንጽሕና መስበክ ፍሬ የለውም። በፓርኩ ውስጥ ሠራተኛ ያሰማሩ ፋብሪካዎችም ለሠራተኞቻቸው ምሳ የሚያቀርቡ ከሆነ፣ አትክልቱን ምንጩ ከታወቀና ሳጥኑ ከታጠበ አቅራቢ ብቻ ለመግዛት ይወስኑ፤ በየቀኑ ብዙ ሰው የሚመግብ አንድ ገዢ ከመቶ ስብከት ይልቅ አቅራቢውን ያርማል።

እስከ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ኀላፊነቱን ሁሉ የጫንነው በእናቶች ላይ ነው። በሬዲዮም በትምህርት ቤትም የምንሰጠው ምክር አትክልቱን አጥባችሁ ብሉ፣ ውሃውን አፍሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ የሚል ነው። ምክሩ እውነት ነው፣ መቀጠልም አለበት፤ ሆኖም በማሳ፣ በመኪናና በገበያ የተፈጸመውን ጥፋት ሁሉ የመጨረሻዋ ሰው በአንድ ሳፋ ውሃ እንድታነጻ መጠየቅ ፍትሕ የጎደለው ነው፤ ከላይ እንዳየነውም ሁልጊዜ አይቻላትም። የውጭ ሀገር ገዢ በድንበሩ ላይ ቆሞ፣ መርምሮ፣ ያልነጻውን ይመልሳል፤ እኛም እርሱን ላለማጣት ስንል እናጠራለታለን። የድሬዳዋ እናት ግን ድንበር ላይ የሚቆምላት ተቆጣጣሪ የላትም። በአንድ መንግሥት ሥር፣ ከአንድ ማሳ ለወጣ ምርት፣ ለእንግዳ አንድ የንጽሕና ሕግ ለዜጋ ሌላ ሊኖር አይገባም። ስለዚህ የቀጠናው አስተዳደር፣ የከተማው መስተዳድር፣ የግብርና ባለሥልጣኑና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ለጂቡቲ የሚጫነው ሳጥን የሚያሟላውን መስፈርት የቀፊራውም ሳጥን እንዲያሟላ በጽሑፍ እንዲደነግጉ፣ የሚፈጸምበትንም ቀን ቆርጠው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስፈልጋል።